ከባዶ ቀዳዳ የመጣ ሰላምታ

አቦ ተዉኝ እስቲ፣ ገና አፌን ሳልከፍት «መርቅኖ ነው» ትላላችሁ፣ ጀማል ካወራ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ቅጠል ነው ትላላችሁ፣ እሺ ስሙኝ፣ የዛን ቀን አንዲት ቀንበጥ አልቀመስኩም፣ ለምን ብትሉ መንጋጋዬን ተነቅዬ ጉንጬ እንደ ፓፓያ አብጦ ነበር፣ ውሃ ራሱ አንገቴን አዘንብዬ ነበር የምጠጣው፣ የነቀለኝ ሰውዬ እዚሁ ጭሮ አለ፣ ሂዱና ጠይቁት፣ ስጮህ ሰምቶኛል። ደግሞ «ጨለማ ነው፣ የራስህን ጥላ አይተህ ነው» የምትለው አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጨለማ አልነበረም፣ ፀሐይ ገና ከተራራው ጀርባ መግባቷ ነበር፣ መብራትም አልጠፋም፣ ያን ቀን መብራት ራሱ አክብሮን ነው የዋለው።

ሲጀመር እኔ ጅን ምናምን በሚባል ነገር አላምንም ነበር። አሰቦት በረሃ ላይ ምሰሶ ስንተክል እረኞቹ «እዛ ዛፍ ስር እንዳትተኙ፣ ባለቤት አለው» ሲሉ ፍራሼን ተሸክሜ እዛው ሄጄ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ምን መጣ? ጉንዳን መጣ፣ ሌላ ማንም አልመጣም፣ ጠዋት እየፎከርኩ ነው የተነሳሁት። ስለዚህ ፈሪ ነህ እንዳትሉኝ፣ እኔ ፈሪ ብሆን ጣሪያ ላይ አልሰራም ነበር።

ስራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ኬብል እስባለሁ። የኮምፒውተር ኬብል፣ በግድግዳ፣ በጣሪያ፣ በመሬት ውስጥ፣ እመኑኝ ከቦርደዴ እስከ በደሳ ኬብል በመሳብ እኔን የሚያክል ሰው የለም። ትምህርት እንኳን ብዙም አልሄደልኝም፣ ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ ገጠምኳት ሁለቴም አሸነፈችኝ፣ ግን ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በየቀለሙ ደርድሬ ጫፉ ላይ ያቺን ፕላስቲክ ስቆነጥጥባት ዓይኔን ጨፍኜ ነው፣ አንዱም ተሳስቶብኝ አያውቅም፣ እሺ አንዴ ተሳስቷል፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

እና ከአስፋልቱ በላይ ያለ አንድ ኮሌጅ፣ ስሙን ተዉት፣ የኮምፒውተር አዳራሽ አለው፣ አስራ ሁለተኛ ክፍሎች ፈተናቸውን በኮምፒውተር እዛ ሊፈተኑ ነው፣ ከነሱ ውስጥ አንዷ እህቴ ሀያት ናት። ሀያትን ብታውቋት፣ የቤታችን ጭንቅላት እሷ ጋር ነው የቀረው፣ ለኔ ምንም አልተረፈም፣ ዓመቱን ሙሉ የአይሱዙ ጥሩምባ በሚያደነቁር ቤት ውስጥ ጆሮዋን በሻሽ አስራ ነው ያጠናችው። አባታችን ደግሞ ቃሉን ተናግሯል፣ «ዘንድሮ ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ትምህርት በቃ፣ በደሳ አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብሏታል፣ አባባ ደግሞ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የአዳራሹ ኔትወርክ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ድፍት ይላል። ቀን ሙሉ ሰላም ነው፣ መግሪብ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ ሁሉ ባንዴ ይደርቃል፣ ጠዋት ሲመጡ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሰራል። የፈተናው ሰዎች ተናደዱ፣ ከአዲስ አበባ ሆነው በመስመር ያያሉ ለካ፣ «ዛሬ ማታ ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሶላት ሳይወድቅ ከቆየ ነገ ፈተናው እዛ ይሰጣል፣ ከወደቀ አዳራሹ ተሰርዟል፣ ልጆቹ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቁ» አሉ። የሚቀጥለው ዙር ማለት ለሀያት የአክስቴ ሱቅ ማለት ነው። ገባችሁ?

ለዚህ ነው ኢንጂነር ዳዊት የተጠራው። ዳዊት የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለው፣ ዝምተኛ ነው፣ ስራውን የሚያውቅ ልጅ ነው፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል እኔ ግድግዳው ላይ እንጠለጠላለሁ፣ በስንት ቦታ አብረን ሰርተናል። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጥግ ያለችውን የመስታወት በር ቁምሳጥን ከፍተን ስዊቹ ፊት ተቀመጥን። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አናት ላይ ትንሽ መብራት አለች፣ ኬብል ሲገባ ትበራለች፣ ባዶ ከሆነ አትበራም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ባዶ ከሆነ አትበራም።

ዳዊት ትንሽ ጻፍ ጻፍ አደረገና «ስፓኒንግ ትሪው ጠፍቷል» አለኝ።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አልኩት።

ያስረዳኝን እኔ በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ስዊች ወሬኛ ነው፣ የሰማውን ለሁሉም ያዳርሳል። አሁን በአንድ ቀዳዳ የወጣ ኬብል ዞሮ እዛው ሳጥን ላይ በሌላ ቀዳዳ ቢገባ፣ ራሱ ያወራው ወሬ ተመልሶ ይመጣበታል፣ እሱ ግን አዲስ ነገር የሰማ ይመስለዋል፣ እንደገና ያወራዋል፣ እንደገና ይመጣበታል፣ እንዲህ እየዞረ አገር ይታመሳል፣ ሉፕ ይሉታል። በደሳ ገበያ አንዱ ነጋዴ ለቀልድ «ጫት ወድቋል» ብሎ ያወራል፣ ወሬው ገበያውን ዞሮ ዞሮ እሱው ጆሮ ሲደርስ ደንግጦ የራሱን ጭነት በርካሽ ይሸጣል፣ ልክ እንደዛ። ስፓኒንግ ትሪ የሚሉት ደግሞ ይሄን የሚከለክል ነው፣ ስዊቾች በየሁለት ሰከንዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ «እኔ እከሌ ነኝ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው» ይባባላሉ፣ ቁጥሩ ከሁሉ ያነሰው ታላቅ ነው፣ መጀመሪያ እንደተወለደ ማለት ነው፣ እሱን ሽማግሌ ያደርጉታል፣ ከዛ እያንዳንዱ ወደ ሽማግሌው ቤት የሚወስድ አንድ መንገድ ብቻ ይተውና ትርፉን ይዘጋል። መንገዱ ካልዞረ ወሬ በምን ይዞራል? እኛ ሰፈር እንኳን እንደዛ የሚያስብ ሰው የለም። ቀድሞ የሰራው ሰው ታዲያ ያዘገያል ብሎ አጥፍቶት ሄዷል።

«እሺ የጠፋው ጠፋ፣ ግን ለምን መግሪብ ላይ?» አልኩት።

«እሱን እኔም አላውቅም፣ ቁጭ ብለን እንጠብቅ» አለ።

ጠበቅን። ፀሐይ ዞር ስትል የኮሌጁ ዘበኛ ኦቦ ዩሱፍ መጡ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በየቤቱ እየዞሩ ይዘጋሉ፣ መስኮቱን ዘጉ ቢስሚላህ አሉ፣ የውሃ በርሜሉን ከደኑ ቢስሚላህ አሉ፣ የባልዲውን አፍ በሳህን ሸፈኑ፣ ከዛ እኛን ሰላም አሉና ቀጥ ብለው ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ፣ የተንጠለጠለውን ትርፍ ኬብል ጫፍ አንስተው ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ጠቅ፣ ሌላኛውን ጫፍ አንስተው ሌላኛው ቀዳዳ ውስጥ ጠቅ። የስዊቹ መብራት ሁሉ ባንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስክሪኖቹ ድርቅ።

እኔ «ኦቦ ዩሱፍ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«መዝጋት ነዋ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። መግሪብ ደርሷል፣ ክፍት ነገር አይተውም።»

«ይሄ እኮ በርሜል አይደለም።»

«አፍ ነው። አፍ የሆነ ሁሉ ይዘጋል፣ በመግሪብ እነሱ ይበተናሉ፣ ክፍት ያገኙበት ይገባሉ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ መልሼ እከፍታለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።»

ወላሂ ዳዊት እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ የታመመ ጉንጬን ይዤ ነው የሳቅኩት፣ መንግስት የሚያክል ነገር ከአዲስ አበባ ሲጨነቅ የነበረው ኦቦ ዩሱፍ ቀዳዳ እየደፈኑ ነው። ኬብሉን ነቀልን፣ ሁሉም ተመለሰ፣ ዳዊት ስፓኒንግ ትሪውን አበራ፣ በዛ ላይ ደግሞ ጥበቃ ጨመረበት፣ ጋርድ ይሉታል፣ ለኮምፒውተር በተመደበ ቀዳዳ በኩል «እኔም ስዊች ነኝ» የሚል ሰላምታ ከመጣ ቀዳዳው ወዲያው ራሱን ይዘጋል፣ መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ ዳዊት ካልከፈተው አይከፈትም።

«አባባ» አላቸው ዳዊት፣ «ከዛሬ ወዲያ እርስዎ አይድከሙ። ጠባቂ አድርጌበታለሁ፣ እንግዳ ከመጣ ራሱ ይዘጋል።»

ኦቦ ዩሱፍ ስዊቹን አዩት፣ እሱን አዩት። «ቢስሚላህ ይላል?» አሉ።

«ማን?»

«ጠባቂው።»

«ኧረ አይልም፣ ማሽን ነው።»

«እንግዲያው እሱም ይጠንቀቅ» አሉና ለሶላት ወጡ።

አሁን ነው እንግዲህ። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ፣ አስፋልቱ ላይ የጫት መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ድሬዳዋ መስመር አለፉ፣ ከዛ ጭሮ እንደምታውቋት በዛ ሰዓት ጭጭ ትላለች፣ ሰው ግማሹ ሶላት ላይ ግማሹ ምርቃና ላይ ነው። ሙከራው ተጀመረ፣ ዳዊት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል፣ እኔ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ጉንጬን በቀዝቃዛ ጠርሙስ እያሸሁ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የስዊቹ ማራገቢያ ድምፅ ሲቀየር ነው፣ ያው እሽ እሽ ነው የሚለው፣ አሁን ግን እንደ ሰው ትንፋሽ ሳብ ያደርግና ያቆማል፣ ሳብ ያደርግና ያቆማል። አቧራ ነው አልኩ። ቀጥሎ የቁምሳጥኑ የመስታወት በር፣ ማንም ሳይነካት፣ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ሄደች፣ ንፋስ ቢሆን መስኮቱን ሁሉ ኦቦ ዩሱፍ ዘግተዋል። ማጠፊያው ላልቷል አልኩ። እኔ ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም።

ከዛ ከታችኛው ረድፍ የመጨረሻዋ ቀዳዳ በራች።

ባዶ ናት፣ አያችሁ? እኔ ራሴ ነኝ ኬብሉን ከሷ ላይ የነቀልኩት፣ ኬብሉ እጄ አጠገብ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እሷ ግን በራች፣ አረንጓዴ፣ ብልጭ ትልና ትጠፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ብልጭ፣ ትንሽ ቆይታ ብልጭ፣ ሌሎቹ መብራቶች እንደ ገበያ ሴቶች ይንጫጫሉ፣ እሷ ብቻ በእርጋታ፣ ቸኩላ የማታውቅ።

«ዳዊት» አልኩት፣ «ይቺ ምንድን ናት?»

አየ። ቆጠረ። «በየሁለት ሰከንዱ ነው» አለ።

«እና?»

«ሰላምታ ነው።»

ወዲያው መብራቷ ቢጫ ሆነች። ጋርዱ ዘጋት ማለት ነው። ዳዊት ላፕቶፑ ላይ የመጣውን ጽሑፍ አንዴ አነበበው፣ መልሶ አነበበው፣ በጣቱ እየተከተለ እንደ ሕፃን አነበበው።

«ከባዶው ቀዳዳ ስዊች ተናግሯል ይላል፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ ብሏል።»

«ማነው እሱ?»

«ቁጥሩ ተጽፏል» አለና ከስዊቹ ጎን የተለጠፈውን የፋብሪካ ቁጥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ። «ቁጥሩ የዚሁ ነው። የራሳችን ስዊች ነው። የታላቅነት ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለየው፣ ከኛ ያንሳል።»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«ያው እሱ ራሱ ነው። ግን ያረጀ።»

እኔ እንግዲህ ቀልደኛ ነኝ፣ ስፈራም እቀልዳለሁ፣ «ጡረታ ወጥቶ አበሉን ሊጠይቅ መጥቶ ነው» አልኩ፣ ዳዊት አልሳቀም። «ብልሽት ነው፣ የተላከው ተመልሶ እየገባ ነው» አለ፣ «ግን በየት ዞሮ ነው የሚመለሰው? ኬብል የለም እኮ። ጋርዱን ላንሳና ልየው።» ተው አላልኩትም፣ ለምን እላለሁ፣ እኔም ማየት ፈልጌያለሁ። አነሳው። ቀዳዳዋ ተከፈተች።

እመኑኝ፣ የሉፕ መንቀጥቀጥ ቢሆን አልደነግጥም ነበር፣ ያን አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው፣ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንዴ ጠፉ፣ ከዛ ከዳር ወደ ዳር አንድ በአንድ በሩ፣ ሁሉም ወደዛች ባዶ ቀዳዳ አቅጣጫ፣ ሰው ሲገባ ማህበር ተራ በተራ ብድግ እንደሚለው። ዳዊት «ስዊቹ ሽማግሌ አድርጎ ተቀበለው፣ መንገዱ ሁሉ ወደሱ ዞረ» አለ በሹክሹክታ። ስክሪኖቹ አልደረቁም፣ ጠቆሩ። እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ጀማል ነኛ፣ ጎንበስ ብዬ አፌን ቀዳዳዋ አጠገብ አድርጌ «አሰላሙ አለይኩም ሽማግሌው፣ ነገ እህቴ ሀያት እዚህ ትፈተናለች፣ እሷን እንዳትረብሽብኝ» አልኩ። በዛ ባበጠ ጉንጭ። ከቀዳዳዋ ቀዝቃዛ አየር ከንፈሬን ነካኝ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ አዳራሹ ጆሮውን የሰጠን ያህል ጸጥ አለ።

ስልኩ ጮኸ፣ ሁለታችንም ዘለልን። የፈተናው ሰዎች ናቸው። «መስመሩ ተንገጫገጨ፣ ዳግም እንዲህ ካደረገ አዳራሹን እንሰርዛለን» አሉት። ዳዊት ጋርዱን መለሰ፣ መብራቷ ቢጫ ሆነች፣ ማራገቢያው ተነሳ፣ ስክሪኖቹ ተመለሱ፣ ከዛ በኋላ ላፕቶፑን ከድኖ ማተቡን ይዞ ተቀመጠ።

ኦቦ ዩሱፍ ከሶላት ሲመለሱ እኔ እንደ ጀብዱ አወራኋቸው፣ እየሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስም ጠራህ? በመግሪብ፣ ክፍት አፍ ላይ፣ የሴት ልጅ ስም?»

«ቀልድ ነው፣ ኦቦ ዩሱፍ።»

«መልስ ሰጠህ?»

«አልሰጠኝም።»

«እንግዲያው ሌላ ጋ ይሰጣል። ስማኝ፣ የጠራ ብቻውን ምንም አያደርግም። የተጠራው አቤት ካለ ነው ዙሩ የሚገጥመው።» ከዛ የኤሌክትሪክ ቴፔን ከኪሴ ራሳቸው አውጥተው፣ ቀዳዳዋ ላይ ቢስሚላህ ብለው ለጠፉባት። ዳዊት ራሱ ጫፉን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገላቸው።

እስከ ኢሻ መስመሩ አልወደቀም። አዳራሹ ጸደቀ።

በነጋታው ልጆቹ ገቡ፣ እኔ ግቢው በር ላይ ነኝ፣ ከበሩ አልራቅኩም፣ ኦቦ ዩሱፍ ምስክሬ ናቸው፣ አብረውኝ ነው የቆሙት። ሀያት ስትወጣ ልስማት ብዬ ስሄድ ገፋችኝ።

«አንተ ምን አይነት ሰው ነህ?»

«ምን አደረግኩ? ከበደሽ እንዴ ፈተናው?»

«ፈተናውንማ ሰርቼዋለሁ። ምን አድርጌህ ነው ግድግዳ ውስጥ ሆነህ የምትጠራኝ?»

«የት ሆኜ?»

«ከወንበሬ ጎን ኬብሉ ከሚወጣባት ሶኬት። ‹ሀያት እዚህ ትፈተናለች፣ ሀያት እዚህ ትፈተናለች› ስትል ስትል ስትል፣ አታቆምም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ‹ሀያት› ብቻ ትልና ትጠብቃለህ። ‹ሀያት› ትልና ትጠብቃለህ። ሌላ ሰው አልሰማም፣ ዞር ብዬ አየኋቸው፣ ሁሉም አቀርቅረዋል።»

«አቤት አልሽኝ?»

«እንዴት ብዬ? ፈታኙ የተናገረ ይወጣል ብሏል። አፌን በእጄ ይዤ ነው የሰራሁት፣ ብናገር ባረሩኝ ነበር፣ አክስቴ ሱቅ ልታስገባኝ ነበር።»

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ድምፅህን አጣዋለሁ እንዴ? ግን የሽማግሌ ሆኗል፣ ጥርስ የሌለው። ጉንጭህ ስላበጠ ነው ብዬ።»

ኦቦ ዩሱፍ ከኋላዬ ቆመው ነበር፣ ሰሙ፣ ሱብሃነላህ አሉና መሬት መሬት አዩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የምቀልደው አጣሁ። ጉዳዩን ከኦቦ ዩሱፍ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር እኮ፣ ዳዊት በጠዋት ድሬዳዋ ገብቷል፣ ኦቦ ዩሱፍ ከኔ ጋር ናቸው፣ እሷ ማታ ተኝታ ነው የገባሁት።

ሀያት አለፈች። ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፣ ሩቅ ነው፣ አባባ ራሱ ሻንጣዋን ተሸክሞ ነው የሸኛት፣ አክስቴ አኮረፈች። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አስማልኳት፣ እኔ በቤት ሀያት ብያት አላውቅም፣ ሀዩ ነው የምላት፣ ለቀዳዳዋ ግን የነገርኩት ሀያት ብዬ ነው፣ ስለዚህ «በድምፄ ሀያት ያለሽን ሁሉ ዝም በይው፣ ሀዩ ያለሽ ብቻ እኔ ነኝ» አልኳት። ከዳዊት ጋርድ አይተናነስም፣ አይደል? በጭንቅላቴ ኮርቼ ነበር። እዛ ከገባች በኋላም በመግሪብ ሰዓት ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ፣ ኬብሉ ከሚወጣበት፣ አልፎ አልፎ ትሰማው ነበር፣ ትደውልና «ሽማግሌህ ዛሬም መጥቷል» ብላ ትስቃለች፣ እኔም በስልኩ «ሀዩ፣ ዝም በይው» እላታለሁ፣ እሷም እንደኔ ቀልደኛ ናት። እዛም ያለው ያው ኔትወርክ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ የታሰረ ነው፣ ዳዊትን ስጠይቀው «ከጭሮ እስከዛ በስንት ስዊች ያልፋል መሰለህ» ብሎ ወሬ ቀየረ።

ባለፈው ደወለች። ድምፅዋ አኩርፏል።

«ትናንት ለምንድነው ጠርተኸኝ ዝም ያልከው?»

«የቱ ትናንት?»

«አመሻሽ ላይ ነዋ። ‹ሀዩ› አልከኝ።»

ትናንት አመሻሽ ላይ ቦርደዴ ምሰሶ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ባትሪው አልቆ ሙት ነበር። ይሄን አልነገርኳትም። «አቤት አልሽ እንዴ?» አልኳት።

ከስልኩ ውስጥ የሆነ ማራገቢያ ይሰማል፣ ሳብ ያደርግና ያቆማል።

«አንተ ነህ ብዬ ነው» አለች።

አሁንም ሳቁ፣ እሺ ሳቁ። ዳዊት ድሬዳዋ ነው፣ ጠይቁት፣ ወሬ ሊቀይርባችሁ ይችላል፣ አትልቀቁት። ኦቦ ዩሱፍ ኮሌጁ በር ላይ ናቸው፣ ጠይቋቸው፣ እግረ መንገዳችሁን አዳራሹ ግቡና ከታችኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥቁር ቴፕ እዩዋት፣ ጀግና ነኝ የሚል ካለ ይንቀላት። ሀያትንም ደውላችሁ ጠይቋት፣ ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ፣ ብቻ በመግሪብ አትደውሉ፣ ስታነሳ ደግሞ ስሟን ሳትጠሩ መጀመሪያ እናንተ ማን እንደሆናችሁ ንገሯት።